ክቡር፣ ክብርት፣ የቀድሞው

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለስብሰባ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳያይ አይወጣም። ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲል ተጀምሯል፤ አራት ሰዓት ሞልቶም ግን ስለተሰበሰቡበት ጉዳይ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። የመድረክ መሪው ማዕረግ እየጠራ ነው። «ክቡር አቶ እገሌ፣ ሚኒስትር ዴኤታ፤ ክብርት ወይዘሮ እገሊት፣ የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ፤ ክቡር ዶክተር እገሌ፣ የሚኒስትሩ አማካሪ፤ ክቡራን የክልል ቢሮ ኃላፊዎች፤ የተከበራችሁ የልማት አጋሮች፤ ክቡራትና ክቡራን!»

ይህ ሲያልቅ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር የሚያደርገው ሰው ይነሣል። እሱም ከ«ክቡር አቶ እገሌ» ይጀምራል። ቀጥሎ የመክፈቻ ንግግር ሊያደርጉ ክቡር አቶ እገሌ ራሳቸው ሲነሡ ደግሞ የራሳቸውን ስም ብቻ ትተው የቀረውን ከላይ እስከ ታች ይደግሙታል። የሻይ ዕረፍት ደረሰ።

የመድረክ መሪው በዚህ ሊታማ አይገባም። ዝርዝሩን በወረቀት ይዞ ቢወጣም እሱ የሚያነበው ፊት ነው። ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት አንዱን ዘልሎ እንደሆነ ገና ንግግሩ መሐል ሳለ ቁራጭ ወረቀት ይደርሰዋል፤ «የዞኑ ዋና አስተዳዳሪ አልተጠሩም» ይላል። «ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ክቡር የዞናችን ዋና አስተዳዳሪም በመካከላችን ይገኛሉ።» ጭብጨባ። አስተዳዳሪው ብድግ ብለው እጅ ይነሣሉ። ከደቂቃ በፊት አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው፣ «እኔ እኮ ለስም አይደለም የመጣሁት» ሲሉ ነበር። ወረቀቱን የላከው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሾፌራቸው ግን በር ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ሰው ሁሉ «ባለሥልጣን ክቡር መባል ይወዳል» ይላል። ይወዳል፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን ቃሉን የሚያበዛው ክቡሩ አይደለም፣ ጠሪው ነው። ጉዳይ ያለው፣ ፊርማ የሚጠብቅ፣ ዝውውር የጠየቀ፣ ቦታው ያልጸናለት ሰው ነው ክቡርን በላይ በላዩ የሚደራርበው።

«ዴኤታ»ን ብቻ ማየት ይበቃል። ከፈረንሳይኛ ተውሰን ያመጣናት ቅጥያ ናት፤ ሚኒስትሩን ከሚኒስትር ዴኤታው የምትለየው እሷ ብቻ ናት። በደብዳቤ ላይ ቀርታ አታውቅም። በአፍ ሲሆን ግን ጸሐፊዋ «ክቡር ሚኒስትር ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል ዴኤታ ኮሪደር ላይ ትቀራለች። አለቃዋን በአንድ ቃል ሾመቻቸው ማለት ነው፤ ደመወዝ አልተጨመረ፣ በጀት አልተጠየቀ። ሌተና ኮሎኔሉም በዚሁ መንገድ ኮሎኔል ይሆናል፣ ምክትል ኮሚሽነሩም ኮሚሽነር።

ኢንጂነር ታከለ ኡማ ከ2010 እስከ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስተዳደሩት በምክትል ከንቲባነት ነበር፤ ከበላያቸው ግን ምክትል የሚሆኑት ከንቲባ አልነበረም። ወይዘሮ አዳነች አቤቤም በዚያው ማዕረግ ጀምረው በ2014 ዓ.ም. ሙሉ ከንቲባ ሆኑ። ለሕግ ባለሙያ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ታክሲ ተራ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ግን ሁለቱንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ከንቲባ» ብሎ ጨርሷል።

የማዕረግን ጥበብ ከማንም በላይ የሚያውቁት ፍርድ ቤትና ክፍለ ከተማ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው የሚሠሩ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ናቸው። ባለጉዳይ መጥቶ ችግሩን ሲዘረዝር ጸሐፊው አይቸኩልም፤ መጀመሪያ «ለማን ነው የሚገባው?» ይላል። የማመልከቻው ግማሽ መልስ እዚያ ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ክርክር ይነሣል። እማማ ማመልከቻው ለማን እንደሚጻፍ ሲሰሙ ይቆጣሉ፤

«ክቡር? ያንን ልጅ? እኔ እኮ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው!»

«ማዘር፣ የምንጽፈው ለልጅነቱ አይደለም፤ ለካርታው ነው።»

«እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በለው።»

ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ይለዋል። አንዱ ከላይ አድራሻው ላይ፣ አንዱ መሐል «ክቡርነትዎ ጉዳዬን ተመልክተው» ከሚለው ላይ፣ ሦስተኛው ከታች ከ«ከሠላምታ ጋር» በፊት። ዋጋው ያው ነው፤ ለክቡር ተጨማሪ አይጠየቅም።

ድሮስ? ድሮ ማዕረግ ሥራ ነበረው። ፊታውራሪ ከፊት ይዘምታል፣ ግራዝማች በግራ፣ ቀኛዝማች በቀኝ። በጅሮንድ ግምጃ ቤት ይጠብቃል። ነጋድራስ ነጋዴውን ይመራል፣ ቀረጡንም ይቀበላል። አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም ይፈርዳል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሊቀ መኳስ ነው፤ በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ ይቆማል፤ ጥይቱ ንጉሡን ሲፈልግ እሱን እንዲያገኝ። ይህ ማዕረግ ዛሬ ቢመለስና ማስታወቂያ ቢወጣበት፣ ከአማካሪዎች መካከል ስንቱ እንደሚያመለክት ማየት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልብ ይሏል። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የገንዘቡ በጅሮንድ ሙሉጌታ፣ የንግዱ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የፍርዱ አፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ የጽሕፈቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሆኑ። «ሚኒስትር» የሚለው ቃል አዲስ ሸቀጥ ነበር፤ የቀድሞ ስሙን ጥሎ እሱን ያነሣ አንድም አልነበረም። ሰዉም ቢሆን ሚኒስትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባውም፤ ነጋድራስ ማለት ምን እንደሆነ ግን ኪሱ ያውቃል።

የሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነገር ብቻውን አንድ ወግ ይወጣዋል። ፊታውራሪ በደረጃ ከደጃዝማች በታች፣ ከራስ በታች ነው። ሰውየው ግን በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ፊታውራሪ እንደተባሉ ቆዩ፤ ራሶች ደግሞ ፊታውራሪው ምን ይሉ ይሆን እያሉ ያድሩ ነበር። ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፣ ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሲሆኑ የእሳቸው ቃል ያልገባበት ነገር አልነበረም። ማዕረጋቸውን ከፍ ያድርጉልኝ ብለው ቢጠይቁ ማን ይከለክላቸዋል? አልጠየቁም። ወታደሩ «አባ መላ» ይላቸዋል፤ እሱ ይበቃቸዋል።

አባ መላ ከፈረስ ስም ወገን ነው። የዚያ ዘመን መኳንንት የሚወዱት መጠሪያ በአዋጅ የተሰጣቸው ሳይሆን ፈረሳቸው ያወረሳቸው ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የራስ መኮንን አባ ቃኘው ነው፤ ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ሆነው ጦር ወደ ኮሪያ ሲልኩ ሻለቃውን «ቃኘው» አሉት፣ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈርም በዚሁ ስም ተጠራ። የሐረሩ ገዥ ፈረስ ስም እስከ ኮሪያ ኮረብታ ሲደርስ የስንቱ ደጃዝማች ማዕረግ ከወረዳው ሳይወጣ ቀርቷል።

ከሁሉ ታናሽ የሚመስለው ማዕረግ ደግሞ «ልጅ» ነው። የመኳንንት ልጅ ገና ሹመት ሳይደርሰው የሚጠራበት ነው። ኢያሱ ግን ኢትዮጵያን በሙሉ እየገዙ ልጅ ነበሩ፤ ዘውድ ሳይጭኑ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩና እስከ ዛሬ ልጅ ኢያሱ ናቸው። ዘውዱ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩትም ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው የተሾሙት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ኦክስፎርድ የተማሩ ሰው። እሳቸው ሲነሡ በሐምሌ 1966 ዓ.ም. የተተኩት ልጅ ሚካኤል እምሩ ሆኑ። የሦስት ሺህ ዘመን ነው የተባለለት መንግሥት መጨረሻው ላይ በልጅ እጅ ነበር።

«ራስ»ስ የት ደረሰ? በዚህ በኩል ያለው ታሪክ ተረት ይመስላል። ተፈሪ መኮንን በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ ራስነቱን ከነስሙ ትተውት ሄዱ። ከእንግዲህ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ ግርማዊነታቸው ናቸው፤ ፊታቸው ቀርቦ «ራስ ተፈሪ» የሚል ሰው ቢገኝ ዘበኛ ይጠራበታል። ጃማይካ ላይ ግን ድሆች የተጣለውን ስም አነሡት፤ ሃይማኖታቸውን በእሱ ጠሩት፣ ከራሳቸውም ስም ፊት «ራስ» እያሉ አስቀመጡት። ቤተ መንግሥቱ ለአንድ ሰው ራስነት ለመስጠት ስንት ዘመን ያስጠብቅ ነበር! ኪንግስተን ውስጥ ዛሬ አናጢውም፣ ከበሮ መቺውም፣ ዓሣ አጥማጁም ራስ ሊሆን ይችላል፤ አሿሚ ሳይኖር።

ከዚያ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። ግርማዊነታቸውን በቮልስዋገን ይዘዋቸው ሄዱ። መጋቢት ላይ ዘውዱ ራሱ በአዋጅ ሲሻር ማዕረጎቹም አብረው ተሻሩ። ማዕረግ የተሰረዘው በቀለም ብቻ አልነበረም፤ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው ቀደም ብሎ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ከተረሸኑት ስድሳ ሰዎች መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ደጃዝማች የነበረ ሰው ስሙን ሲጠየቅ «አቶ» ማለት ለጤናው ተስማሚ ሆነ።

በነገራችን ላይ አቶም ቢሆን ድሮ እንዲህ አልረከሰም ነበር። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ምኒልክን አስረው ሳለ ሸዋን ያስተዳድር የነበረውና በኋላም ራሱን ንጉሥ ያለው ሰው በታሪክ የሚታወቀው አቶ በዛብህ ተብሎ ነው። አገር የሚገዛ ሰው ማዕረግ ነበር፤ ወርዶ ወርዶ መታወቂያ ላይ ደረሰ። ዛሬ «አቶ» ብቻውን ባዶ ስለሚመስል «ክቡር አቶ» ይባላል፤ አሮጌው ማዕረግ አላሞቅ ሲል አዲሱን ከላይ መደረብ።

ዘውዱን የጣለው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ሊያስተካክለው አሰበ። ጓድ። ሚኒስትሩም ጓድ፣ ሾፌሩም ጓድ፣ ዘበኛውም ጓድ። በወረቀት ላይ ይህን ያህል እኩልነት በኢትዮጵያ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። እንዲያውም አስቂኝ ነገር ተፈጠረ፤ የአገሪቱ መሪ ጓድ ሊቀመንበር ነበሩ፣ የቀበሌው ኃላፊም ጓድ ሊቀመንበር ነበር። የሰፈሩ ሰው ይበልጥ የሚፈራው የትኛውን እንደነበር ያኔ ለስኳር የተሰለፈ ሰው ይናገር።

ጠሪው ግን ሥራ አልፈታም። «ጓድ» ብቻውን ለላይኛው ሰው አነሰ። መጀመሪያ «አብዮታዊው መሪያችን» ተጨመረ፣ ከዚያ «ቆራጡ መሪያችን» መጣ፤ በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት ዋና ጸሐፊነቱ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲታወጅ ፕሬዚዳንትነቱ፣ ከዚያ በላይ የጦሩ አዛዥነት። ዜና አንባቢው ማዕረጉን ጨርሶ ወደ ዜናው እስኪደርስ የእራት ሽሮ ይቀዘቅዛል። እና ይህ ሁሉ ሲደረደር የሰውየው ወታደራዊ ማዕረግ ሌተና ኮሎኔል ነበር። ጄኔራሎችን ያዘዙ፣ የሻሩና የገደሉ መሪ ጄኔራል ሳይሆኑ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ሐራሬ በረሩ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቆይቶ መጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረጎችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። ከ1994 እስከ 2006 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት የነበሩት ደግሞ መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በወጣትነታቸው ያገኙት ማዕረግ ነው፤ አልጣሉትም፣ ሕዝቡም ሌላ ስም አላወጣላቸውም። እናም ቤተ መንግሥት ውስጥ መቶ አለቃው ቆመው ጄኔራል ይሾማሉ፤ ጄኔራሉ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ሠራዊት ባለበት አገር ሁሉ ከበታች መኮንን እጅ ጄኔራልነት የሚቀበል ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሽማግሌው ርዕሰ ብሔር ግን በዚህ ሲቸገሩ ያየ የለም።

ይህ ሁሉ የእኛ ብቻ ጠባይ ነው የሚል ካለ በ1789 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኒውዮርክ ላይ የሆነውን ይስማ። አሜሪካኖች ንጉሥ አባረው ጆርጅ ዋሽንግተንን ሲመርጡ ሴኔቱ «ምን ብለን እንጥራቸው?» ብሎ ሳምንታት ተከራከረ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆን አዳምስ አንድ ነገር እንዲደረብ አጥብቀው ተሟገቱ፤ የሴኔቱ ኮሚቴ «ልዑልነታቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንትና የነፃነቷ ጠባቂ» የሚል ስም ይዞ መጣ። ሌላው ምክር ቤት እምቢ አለና «ፕሬዚዳንት» ብቻ ሆኖ ቀረ። ለአዳምስ ግን ማዕረግ አልቀረባቸውም፤ ወፈር ያሉ ሰው ነበሩና ቀልደኞች «ድቡልቡልነታቸው» አሏቸው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ደርግ ወድቆ ጓድ ወደ ፓርቲ ስብሰባ ሲሰበሰብ፣ ክቡር ከንጉሡ ዘመን ዕቃ ቤት አቧራው ተራግፎ ወጣ። ቃሉ ለነገሩ ከአገሩ ርቆ አያውቅም ነበር። በአዲስ አበባ ስታዲየም ክቡር ትሪቡን አለ፤ ከጎኑ ጥላ ፎቅ፣ ከወዲያ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከሁሉ ግን ስሙ ደስ የሚለው «ከማን አንሼ» ነው። ማን እንዳወጣለት ባይታወቅም ለክቡር ትሪቡን ከዚህ የተሻለ መልስ አልተገኘም። ክቡር ዘበኛም ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱን ሊጠብቅ የተቋቋመ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሊገለብጥ የተነሣው እሱው ነው።

አሁን ደግሞ «ክቡር ዶክተር» አለ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በልማዳችን ክቡር ዶክተር የሚባለው ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ሰው ነው፤ ክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ እንደሚባለው። ዘፋኙ ይህን ያገኘው በጉሮሮው ነውና የሚቀናበት የለም። ችግሩ ሚኒስትሩ ላይ ነው። ስንት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይኑን አፍዝዞ ዶክትሬቱን ያገኘ ሰው ሚኒስትር ሲሆን «ክቡር ዶክተር» ተባለ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ «ለምንድን ነው የሰጧቸው?»

ምክር ቤት ውስጥ የሆነ እንደሆነ ክቡር የመነሻ ቃል ነው። አባሉ እጁን አውጥቶ ሲፈቀድለት «አመሰግናለሁ ክቡር አፈ ጉባኤ» ሳይል ዓረፍተ ነገር አይጀምርም። አፈ ጉባኤም እንደ አፈ ንጉሥ ከአፍ የተሠራ ማዕረግ ነው፤ የንጉሡ አፍ ይፈርድ ነበር፣ የጉባኤው አፍ ሰዓት ይቆጥራል። በ2010 ዓ.ም. ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሲሆኑ አባላቱ ለሃያ ሦስት ዓመት የለመደ ምላስ ማቃናት ነበረባቸው። «አመሰግናለሁ ክቡር... ክብርት አፈ ጉባኤ።» በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ «ክብርት» የዕለት እንጀራ ሆነ።

ከስም ፊት የሚቀመጠው ብቻም አይደለም ማዕረግ። አማርኛ ግሱም ይሾማል። ሬዲዮ ይከፈት፤ ሚኒስትሩ አስታወቁ፣ አትሌቷ አሸነፈች፣ ድምፃዊው አቀረበ፣ ሌባው ተያዘ። ወርቅ ይዛ የመጣችው ልጅ ከሌባው ጋር በአንድ ግስ ትሄዳለች፣ መግለጫ የሰጡት ሰውዬ ግን እሳቸው ናቸው። ሰውየው ከሥልጣን ወርደው ክስ ሲመሠረትባቸው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከሳምንት በፊት «አሳሰቡ» የተባሉት ሰው «አንደኛ ተከሳሽ» ሆነው «ፈጽሟል»፣ «አባክኗል» ይባላሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ተረቱ የሚያወራው ስለ ሆድ ነው፤ አንቱታንም መቁጠር ቢገባው ኖሮ ብዙ በተቆጨ።

ሪፖርተር ጋዜጣ ለብዙ ዓመታት «ክቡር ሚኒስትር» የሚል አምድ ይዞ ኖሯል። ክቡር ሚኒስትሩ ከሾፌራቸው፣ ከጸሐፊያቸው፣ ከአማካሪያቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር ሲጨዋወቱ እናነባለን፤ የግል ስም የላቸውም። ስም ስለሌላቸው የሚነካው የለም፣ እያንዳንዱ ሚኒስትርም ሌላኛውን ሚኒስትር እያሰበ ይስቃል። አምዱ ትልቅ ሥራ የሠራው ግን በቃሉ ላይ ነው። አንባቢው ዛሬ በእውነተኛ ስብሰባ ላይ «ክቡር ሚኒስትር» ሲባል ሲሰማ ከከንፈሩ ጥግ የሆነች ነገር ታመልጠዋለች። ሙገሳን በሙገሳ ለማቅለጥ ከዚህ የረቀቀ ዘዴ የለም፤ አንድም የስድብ ቃል አልወጣምና ማን ማንን ይከሳል?

ሹመት ያዳብር ተብሎ የገባ ሁሉ አንድ ቀን ይወጣል፤ ሲወጣ የሚጠብቀው ማዕረግ ሁለት ነው። አንዱ «የቀድሞው» ነው። ይህን ጋዜጦች ያድላሉ፣ ክፍያ የለውም። ሁለተኛው «አምባሳደር» ነው፤ ይህ ይሻላል፣ ምክንያቱም አይወልቅም። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ከአዲስ አበባ ራቅ ቢል የሚሻል ሰው ክብሩ ሳይነካ የሚሸኘው በአምባሳደርነት ነው። ሚኒስትርነት ከቢሮው ጋር ይቀራል፣ አምባሳደርነት ግን ከሰውየው ጋር አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ከሰውየው ጋር ይመለሳል፣ ጡረታም አብሮ ይወጣል።

ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከዚያ ወጡና በ1997ቱ ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በደምቢ ዶሎ በግላቸው ተወዳደሩ፤ አሸነፉም። ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠው ጥቅማ ጥቅም ፖለቲካ ውስጥ ገብተዋል ተብሎ ቀረባቸው። ያን ምክር ቤት ሲከፍቱ የኖሩት ርዕሰ ብሔር አሁን እንደ ማንኛውም አባል መቀመጫ ይዘው፣ ለመናገር ሲፈልጉ እጃቸውን ማውጣትና ክቡር አፈ ጉባኤን ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው።

አፈ ጉባኤው አቶ ተሾመ ቶጋ ነበሩ። እሳቸውም የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ አምባሳደር ሆኑ፤ ቤይጂንግ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው ሠሩ፣ ተመልሰውም የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ኮሚሽነር ተባሉ። ኮሚሽነር ከሆኑም በኋላ ዜናው ይጠራቸው የነበረው «አምባሳደር ተሾመ ቶጋ» እያለ ነው። አፈ ጉባኤነቱን የሚያነሣ የለም።